መጠጥ «የሚችል» ሰው ከሥራው ሳይነሣ እንዴት ይታከማል?

በሰሜን ሸዋ ስለ አንድ ሰው «መጠጥ ይችላል» ከተባለ ሙገሳ ነው። ሲመሽ ስድስት ሰባት መለኪያ አረቄ ቢያወርድም አይንገዳገድም፣ ነገር አያነሣም፣ በማግስቱ ከማንም ቀድሞ ቢሮው ይገኛል። ሒሳቡ አይሳሳትም፣ የሚያስተምር ከሆነ ክፍል አይቀርም፣ ተረኛ ሲሆን ያድራል። ስለዚህ ቤተሰቡም አለቃውም እሱ ራሱም ችግር አለ ብለው አያስቡም። በሕክምና ዓይን ግን ያ መቻል ራሱ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው። የማይሰክረው አካሉ መጠጡን ስለለመደ ነው፤ የለመደ አካል ደግሞ መጠጡ በድንገት የቀረበት ቀን አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚህ በታች ያለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰውና አብሮት ለሚኖረው ቤተሰብ የተጻፈ ነው፤ ቤቱ እያደረ፣ ሥራውን ይዞ፣ በተመላላሽ የሚታከምበትን መንገድ ይዘረዝራል።

ድካሙና መጠጡ እንዴት እንደሚመጋገቡ

እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ጠጪ ሆኛለሁ» አይልም፤ «ደክሞኛል» ይላል። እንቅልፍ የለውም። ባለጉዳይ በሩን ሲከፍት ይናደዳል። ድሮ በአንድ ሰዓት ይጨርሰው የነበረው ደብዳቤ አሁን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ይህ የሥራ ዝለት ነው፤ በከተማው ቋንቋ በርንአውት የሚባለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ዝለትን እንደ በሽታ አልቆጠረውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎ ሦስት መለያ ሰጥቶታል፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና መማረር፣ የሚሠሩት ነገር ሁሉ ውጤት የሌለው መስሎ መታየት። ከድብርት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ዝለት የሥራን ጥላ ይከተላል፤ ድብርት ግን ቅዳሜም፣ በዓልም፣ ልጆች መካከልም አይለቅም።

የደከመ ሰው ከሰዓት በኋላ ለመቆም ጫት ይቅማል። ምርቃናው እስኪያልቅ ሥራው ይሮጣል። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ያኔ ጨብሲ ይመጣል፤ ሁለት ቢራ፣ ከዚያም አረቄ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ ግማሽ ይሰባብረዋል፤ ሰውየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቡ እየመታ፣ ላብ አጥምቆት ይነቃል። ጠዋት ደክሞ ይነሣል፤ ስለደከመም ከሰዓት ጫት ያስፈልገዋል። ከዚህ ዑደት ውስጥ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማከም ብዙ ጊዜ የማይሳካው ለዚህ ነው። የዓመት ፈቃድ ወስዶ «አርፋለሁ» ያለ ሰው በዕረፍቱ የበለጠ ጠጥቶ ይመለሳል፤ መጠጡን ብቻ ያቆመ ሰው ደግሞ የሥራው ጫና እንዳለ ስለሚጠብቀው በወሩ ያገረሽበታል።

በደብረ ብርሃን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ብርዱ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም ይቆረጥማል። «ለብርድ አንድ መለኪያ» የሚለው አባባል ግን አካልን ያታልላል። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ሙቀት የተሰማን ከውስጥ ወደ ቆዳ ስለወጣ ነው፣ ከዚያም ወደ አየሩ ይበተናል። የሞቀው ሰውዬ በእርግጥ እየቀዘቀዘ ነው።

ምን ያህል ነው የሚጠጡት?

ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ የሚጠጡትን በስልክዎ ላይ ይጻፉ። በዚያ ሳምንት ለመቀነስም ለማሳመርም አይሞክሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመጠጡን መጠን በሚሊ ሊትር፣ የአልኮል ድርሻውን በመቶኛ ወስዶ ማባዛት፣ ለመቶ ማካፈል፣ ከዚያ በ0.79 ማባዛት። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በ5 በመቶ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ ስለሚደርስ፣ መለኪያዋ 40 ሚሊ ሊትር ብትይዝ 14 ግራም ትሆናለች፤ ትንሿ መለኪያ ከአንድ ቢራ ትበልጣለች ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ጠላ እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ 4 በመቶ ከሆነ 16 ግራም ገደማ ነው። ጠላን «መጠጥ አይደለም» ብለው የማይቆጥሩት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይቁጠሩት።

ሦስት ቢራና አራት መለኪያ አረቄ የጠጣ ሰው 95 ግራም ያህል ወስዷል። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ያስወግዳል። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት የጀመረ ሰው አልኮሉ ከደሙ የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ሰዓት በኋላ ነው፤ ንጋት ላይ፣ አንዳንዴም ቢሮ ለመግባት ሲዘጋጅ። ከዚያ በላይ የጠጣ ደግሞ በመኪናው ሲወጣ ገና አልጠራም። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ፣ ፊርማው የተበላሸበት፣ ምክንያቱን በቡና ያሳበበ ሰው ብዙውን ጊዜ አልኮሉ ያለቀበት ሰው ነው።

ሐኪሙ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸውን አሥር ጥያቄዎች ሊጠይቅዎ ይችላል። ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ጎጂ አጠጣጥን ያሳያል፤ ከ16 እስከ 19 ተደጋጋሚ ምክርና ክትትል ይጠይቃል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥገኝነት ተጠርጥሮ ሙሉ ምርመራ ይደረጋል። በሥራው ጎበዝ የሆነ ሰው በጥያቄዎቹ ላይ ነጥብ የሚያሳንስባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፤ «በመጠጥ ምክንያት የቀረብህ ኃላፊነት አለ?» ሲባል በእውነት የለም። ስለዚህ የመጠኑንና የጠዋቱን ጥያቄዎች በትክክል መመለስ ይበልጥ ይጠቅማል። ጠዋት ለመረጋጋት አንድ መለኪያ የሚያስፈልገው ሰው ያንን መደበቅ የለበትም፤ ሕክምናው ቤት ይሁን ሆስፒታል የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በዚያ መልስ ነው።

የደም ምርመራም ይታዘዛል። የጉበት ኢንዛይሞች፣ የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ስኳርና ግፊት ይታያሉ። ከጉበት ኢንዛይሞቹ ኤ ኤስ ቲ የሚባለው ኤ ኤል ቲ ከሚባለው በሁለት እጥፍ ሲበልጥ መጠጥ ጉበቱን እንደነካ ይጠረጠራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይናገር፤ ጉበቱ ከሁለት ወገን እየተጫነ ነው።

በተመላላሽ የማይታከመው ማን ነው

ተመላላሽ ሕክምና የሚስማማው ለብዙዎች ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ከዚህ ቀደም መጠጥ ሲያቋርጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ያጋጠመው ወይም የሌለ ነገር ያየ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የልብ ወይም የጉበት ከባድ ሕመም ያለበት፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የያዘው፣ ከመጠጡ ጋር የእንቅልፍ ኪኒን ወይም ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የለመደ፣ ቤቱ አብሮት የሚያድር ሰው የሌለው፣ ለአምስት ቀን በየቀኑ ጤና ተቋም መድረስ የማይችል፤ እነዚህ ተኝተው ይጀምሩ። የመጨረሻው ምክንያት በእኛ ዞን ቀላል አይደለም። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ገጠር በየቀኑ መመላለስ ስለማይቻል የመጀመሪያውን ሳምንት ሆስፒታል ባለበት ከተማ ዘመድ ቤት ማረፍ የተሻለ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ቤት አረቄ የሚወጣው ለገበያ ነው፤ የቤቱ ገቢ ነው። ታካሚው የሚተኛበት ክፍል አጠገብ እንስራው ከተቀመጠ ሕክምናው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። ቤተሰቡ ቢያንስ ለሦስት ወር ሥራውን ወደ ሌላ ግቢ ማዛወር ይችል እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በፊት በግልጽ ይነጋገር።

የመጀመሪያው ሳምንት

አእምሮ መጠጥን የሚቋቋመው እንዴት እንደሆነ ለማየት ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪናን ያስቡ። ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጦ ይወርዳል። አልኮል የአእምሮን ፍሬን በየማታው ይረግጣል፤ አእምሮም ለመሥራት ሲል ከዓመት ዓመት ነዳጁን እየጨመረ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሰውየው የማይሰክረው። ፍሬኑን በአንድ ቀን ሲለቁት ነዳጁ እንዳለ ነው።

ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ይጀምራሉ። መንፈራገጥ የሚመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሊመጣ ይችላል፤ ሰውየው ቦታና ጊዜ ይጠፋበታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይነሣበታል፣ ልቡ ይሮጣል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። «አራተኛው ቀን ላይ ነኝ፣ አልፌዋለሁ» ብሎ መዘናጋት የብዙዎች ስሕተት ነው።

ስለዚህ ሕክምናው ሰኞ ይጀመር። ዓርብ የጀመረ ሰው ከባዶቹ ቀኖች ቅዳሜና እሑድ ላይ ይወድቁበታል፤ ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ ያለው ድንገተኛ ክፍል ብቻ ነው። ሰኞ ከጀመረ እስከ ዓርብ በየቀኑ ይታያል። ነርሷ ወይም ሐኪሙ አሥር ምልክቶችን በቅጽ ይመዝናሉ። ነጥቡ ከ10 በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ያልፋል፤ ከ20 ሲበልጥ ቤት የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

መድኃኒት ካስፈለገ የተለመደው ዲያዜፓም ነው፤ ከፍ ብሎ ይጀመርና ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ እየቀነሰ ይቆማል። መጠኑን እዚህ አንጽፍም፤ በእያንዳንዱ ሰው ምልክትና ጉበት የሚወሰን ስለሆነ ነው። ኪኒኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ እየተሰጠ አብሮት በሚኖረው ሰው እጅ ይቀመጥ። በላዩ ላይ መጠጥ ከተጨመረ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። በዚያ ሳምንት መኪና መንዳት፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ መቆም፣ ሕሙም ላይ መርፌ መያዝ አይፈቀድም፤ ስለዚህ አምስቱን ቀን ከዓመት ፈቃድ ወይም ከሕመም ፈቃድ መውሰድ ግድ ነው።

ከዲያዜፓሙ ጎን ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ በቀን 100 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ምግብ ሳይበላ የቆየ ሰው በመርፌ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ። ብዙ ሰው ከከባድ ሌሊት በኋላ ክሊኒክ ገብቶ «ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ይላል። ለረጅም ጊዜ የጠጣና በደንብ ያልበላ ሰው አካል ውስጥ ታያሚን ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ግሉኮሱ ያለችውን ጥቂት ጨርሶ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ዓይን መንታ ማየት ይጀምራል፣ እግር ይከዳል፣ ሐሳብ ይምታታል፤ ጉዳቱም ለዘለቄታው የሚቆይ የትዝታ ማጣትን ሊያስከትል ይችላል። ታያሚኑ ይቅደም። ባለሙያው ካልጠየቀዎት እርስዎ ይንገሩት።

ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሌሊት የሚበራ መብራት፣ ብርድ ልብስና ፈሳሽ ነው። አጥሚት፣ በሶ፣ ሾርባ፤ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። ቡና ልብን ስለሚያስሮጥ በዚያ ሳምንት ጠዋት አንድ ሲኒ ይበቃል። ሰውየው ከተንፈራገጠ፣ የሌለ ነገር ካየ፣ የት እንዳለ ከጠፋው፣ ትኩሳት ካለው፣ ደጋግሞ ካስታወከ ጠዋትን አይጠብቁ። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ጾምና ጠበል

ብዙ ሰው በሁዳዴ 55 ቀን መጠጥ አይነካም፣ በፋሲካ ግን ይመለሳል። «በጾም ማቆም ከቻልኩ ሱስ የለብኝም» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይመጣል። ጥያቄው ግን ሲመለስ የሚሆነው ነው፤ በበዓሉ ቀን በአንድ ብርጭቆ መቆም ቻለ? ከዚህም በላይ፣ መጠጥን ደጋግሞ በድንገት ማቋረጥና መመለስ አእምሮን እያስቆጣው ይሄዳል፤ ካቻምና መንቀጥቀጥ ብቻ የነበረው ዘንድሮ መንፈራገጥ ሊሆን ይችላል። በዘወረደ ዋዜማ በብዛት የሚጠጣ ሰው ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሐኪም ቢያማክር ሕይወቱን ያተርፋል።

ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም ሄደው ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች አሉ። ከመጠጥ ቤቱና ከጓደኛው መራቅ፣ ጸሎቱ፣ ሥርዓት ያለው ውሎ ራሱ መድኃኒትነት አለው። የምንለምነው ጊዜውን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ባለበት ይለፍና ከዚያ ይሂዱ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በጠበሉ ቦታ የተንፈራገጠን ወይም የሌለ ነገር ያየን ሰው ዙሪያው ያለው ሁሉ መንፈስ ያዘው ብሎ ሲረዳ፣ ሰዓቱ ያልፋል። ይዘውት የሚሄዱት ቤተሰቦች መጠጥ ያቆመው መቼ እንደሆነ ለአስተናጋጆቹ ይንገሩ፤ ኪኒኑንም አያቋርጡ። ባዶ ሆድ መዋል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለማይመከር ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የታመመ ሰው ጉዳይ ለንስሐ አባት አዲስ አይደለም።

ከሁለተኛው ሳምንት ወዲያ

በሌላው ዓለም የተመላላሽ ሕክምና በሰዓት ይመደባል። አሜሪካውያን በሳምንት ከ9 ሰዓት በታች ያለውን መደበኛ፣ ከ9 እስከ 19 ሰዓት ያለውን ጠንከር ያለ ተመላላሽ ይሉታል። በደብረ ብርሃን ሆስፒታልም ሆነ በሌላ የአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚገኘው በአብዛኛው ከዚያ ያነሰ ይሆናል፤ ሊጠብቁት የሚችሉት በሳምንት አንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ የምክር ቆይታ ነው፣ ለ12 ሳምንት ያህል። መጀመሪያ ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። የቀረውን ሰዓት ታካሚው በራሱ ቀንና በቤተሰቡ እርዳታ ይሞላዋል።

በምክሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ወሬ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው የጠጡበት ምሽት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይተነተናል፤ ከማን ጋር ነበርክ፣ በምን መንገድ ሄድክ፣ ኪስህ ውስጥ ስንት ብር ነበር፣ ምን ተሰማህ፣ ራስህን ምን ብለህ አሳመንክ። ከዚያ ሰንሰለቱ የሚቆረጥበት ቀላሉ ቦታ ይፈለጋል። ለአንዱ የደመወዝ ቀን ገንዘቡ በቀጥታ ለባለቤቱ መግባቱ ነው፤ ለሌላው ከቢሮ ሲወጣ በሌላ መንገድ መሄዱ ነው። ሐራራ እንደ ማዕበል ይነሣና ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ያንን ግማሽ ሰዓት በምን እንደሚያሳልፉት አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ምግብ መብላት፣ ወጣ ብሎ መራመድ፣ ለተመረጠ አንድ ሰው መደወል። ሲራብ፣ ሲናደድ፣ ብቻውን ሲሆን ወይም ሲደክም ሐራራው ይበረታል፤ የሥራ ዝለት ያለበት ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ደክሟል።

ማኅበር፣ ዝክር፣ ለቅሶና ሠርግ አይቀሩም። «አልጠጣም» ያለ ሰው «ምነው፣ ምን አስቀየምንህ?» ይባላል። ረጅም ማብራሪያ መስጠት ክርክር ይከፍታል። «መድኃኒት ጀምሬአለሁ» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር በእኛ አገር ይከበራል፤ እውነትም ነው። አስቀድሞ የሱፍ ውሃ ወይም ተልባ በእጅ መያዝ ይረዳል። ብርዝ ከሆነ የዕለቱ መሆኑን ይጠይቁ፤ የቆየ ብርዝ ወደ ጠጅነት መሄድ ጀምሯል።

ሐራራን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። ናልትሬክሶን በቀን 50 ሚሊ ግራም የሚወሰድ ሲሆን ከመጠጥ የሚገኘውን ደስታ ያደበዝዛል፤ ትራማዶል የሚወስድ ሰው ግን ትራማዶሉን ካቆመ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይሞላው ከጀመረው በጠና ሊታመም ይችላል። አካምፕሮሴት ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ይሰጣል፤ በቀን ሦስት ጊዜ መሆኑ ለሥራ ሰው አድካሚ ነው። ዳይሰልፊራም መጠጥ ሲቀመስ ከባድ ማቃጠል፣ ማስታወክና የግፊት መውረድ ያመጣል፤ ጠላ እንኳ ይበቃዋል፣ ካቆሙትም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት አካል ውስጥ ይቆያል። ታካሚው ሳያውቅ ወጥ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት አይደለም፤ እንዲህ ማድረግ ሰውን ሊገድል ይችላል። መድኃኒቶቹ በየፋርማሲው ስለማይገኙ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ለስንት ወር ሊገኝ እንደሚችል አብሮ መጠየቅ ይሻላል።

ጫቱስ?

ጫት ሲቆም የሚመጣው ሕመም ለሕይወት አያሰጋም። የሚመጣው ከባድ እንቅልፍ፣ ድብታ፣ ንዴትና ዱካክ ነው፤ አብዛኛው በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀላል። ችግሩ ከመጠጡ ጋር ያለው ትስስር ነው። መጠጡን አቁሞ በርጫውን የቀጠለ ሰው ማታ ጨብሲ ይጠራዋል። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ቢቆሙ ይመረጣል፤ ካልተቻለ ግን የሚቅሙበት ሰዓት ወደ ቀትር ይምጣ፣ መጠኑም በየሳምንቱ ይቀንስ።

ዝለቱን ማከም

ከባዱ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ነው። መጠጡ ቆሟል፣ እንቅልፍ ግን ከበፊቱ ብሷል። ታካሚው «ስጠጣ ይሻለኝ ነበር» የሚለው ያኔ ነው። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ካልተነገረው ይመለሳል። እንቅልፉ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይስተካከላል፤ የሚያፋጥነው በየቀኑ፣ እሑድም ቢሆን፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት ነው። 12 ሰዓት ከሆነ 12 ሰዓት። እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ መገላበጥ ትቶ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ሲመጣ መመለስ። የእንቅልፍ ኪኒን ከጎረቤት መውሰድ አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው።

የድብርት ምርመራም እስከዚያ ይቆይ። መጠጥ ራሱ ያደብታል፤ ሁለት እስከ አራት ሳምንት ንጹሕ ከቆየ በኋላ የሚቀረው ስሜት ነው ትክክለኛውን የሚናገረው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን አንድ ቀንም አይቆይም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና የሆነውን ያዩ፣ በዚያ ጊዜ ቁስለኛ ያከሙ፣ ተፈናቃይ የተቀበሉ ሠራተኞች አንድ ነገር ይወቁ። መጠጡ ትዝታን አፍኖ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሲቆም ቅዠቱ ይመለሳል። ያ የመዳከም ምልክት አይደለም፣ ለአማካሪው ሊነገር የሚገባ የተለየ ሕክምና ያለው ጉዳይ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራው ይገባል። «ጭንቀት ቀንስ» ማለት ምክር አይደለም። አንድ ወረቀት ላይ የሳምንቱን ሥራ በሰዓት መዘርዘር፣ ከሌላ ሰው የመጣውን መለየት፣ ለአለቃው ይዞ መቅረብ ይሻላል፦ «እነዚህን አራቱን እሠራለሁ፤ አምስተኛው ከተጨመረ የትኛው ይቅር?» የመውጫ ሰዓት ይወሰን። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ለሦስት ወር ቋሚ ፈረቃ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ፈረቃ በየሳምንቱ ሲቀያየር እንቅልፍ አይድንም።

በግል ድርጅት ለሚሠሩ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ ሕግ ይዳኛል። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ከመጻፉ በፊት ይጠይቁ፤ ለአሠሪው የሚያስፈልገው የቀናቱ ብዛት ነው። ለአለቃዎ «ሕክምና ላይ ነኝ፣ ለሦስት ወር በሳምንት አንድ ከሰዓት ቀጠሮ አለኝ» ማለት ይበቃል።

ከተማው ትንሽ ነው፤ በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ መታየት የሚያስፈራቸው ብዙ ናቸው፣ በተለይ የጤና ባለሙያዎችና መምህራን። አንዳንዱ ስሙን ለመጠበቅ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይታከማል። ለመጀመሪያው ምርመራ ጥሩ ነው፤ በየቀኑ መታየት ለሚያስፈልግበት ሳምንት ግን ወይ እዚያው ማረፍ ወይ እዚህ መጀመር ይሻላል። ምክሩ በከፊል በስልክ ሊቀጥል ይችላል።

ካገረሸ

በመጀመሪያው ዓመት ማገርሸት የተለመደ ነው። አንድ ምሽት የጠጣ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ያ «መቻሉ» እንደቀነሰ ነው፤ የድሮውን ሰባት መለኪያ አካሉ አሁን አይችለውም። ትራማዶል የለመደ ከሆነ ደግሞ የድሮው መጠን ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል። በማግስቱ ለአማካሪው ይደውል፣ ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቅ። የጠጣው አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ማቆም ይችላል። ሳምንት ከቀጠለ ግን በራሱ አያቋርጥ፤ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ተመዝኖ ይጀምር። ከ12 ሳምንት በኋላም ቀጠሮው እስከ ዓመቱ በወር አንድ ጊዜ ይቀጥል፤ የጉበት ምርመራው በሦስት ወር ይደገም፤ በዓላት ሲቃረቡ፣ በተለይ ከፋሲካና ከገና በፊት ባለው ሳምንት፣ አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ ይያዝ።